የስድስት ብር ትኬት፣ የ475 ሚሊዮን ዶላር ባቡር

ዑራኤል ፌርማታ። ጊዜው አመሻሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ፌርማታው በሰው ጢም ብሏል። ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት ቆመዋል። አንገታቸውን አስግገው ወደ ስታዲየም በኩል ያያሉ።

«ልጄ፣ ይመጣል እንዴ?»

«ይመጣል እማማ። ቆየ እንጂ ይመጣል።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። በሩ ሲከፈት ግን መርፌ መጣያ ቦታ የለውም። እማማ አንድ እግራቸውን አስገቡ። ፌስታላቸው ውጭ ቀረ። ከኋላ የነበረ ጎረምሳ ፌስታሉንም እሳቸውንም በቀስታ ገፋ አድርጎ አስገባቸው። በሩ ተዘጋ። እኔ ቀረሁ። ከእኔ ጋር ሌላ አርባ ሰው ቀረ። ሁላችንም ምንም ሳንነጋገር ወደ ታክሲው ሰልፍ አመራን።

ሰልፉ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ሲከነክነኝ አመሸ። ባቡሩ ሰው አላጣም። እንዲያውም ሰው ሞልቶ ይፈሳል። ገበያ የሞላለት ነገር እንዴት ይከስራል? ሻይ ቤት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ይከፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርን ጉዳይ ስከታተል፣ መልሱን ያገኘሁት ከሐዲዱ ይልቅ ሐዲዱ ዳር ባለው መሬት ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ያደርሳታል። ያኔም ቢሆን ጠዋት ጠዋት መገናኛ ላይ ታክሲ መያዝ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በ2002 የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከቻይናው የባቡር ተቋራጭ ሲአርኢሲ ጋር ውል ተፈራረመ። ግንባታው በ2004 ተጀመረ። ከተማው ለዓመታት ተቆፈረ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ መስመሩ ከሥሩ ስለሚያልፍ በ2005 ከቦታው ተነሥቶ፣ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ በ2008 ተመልሶ ቆመ።

መስከረም 9 ቀን 2008፣ እሑድ ዕለት፣ የሰሜን ደቡቡ መስመር ሥራ ጀመረ። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ የምሥራቅ ምዕራቡ ተከተለ። ከአያት ጦር ኃይሎች። አንዱ 16.9፣ ሌላው 17.4 ኪሎ ሜትር ነው። መሐል ከተማ ላይ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ መሬት ላይ የተነጠፈው በጠቅላላው 31.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 39 ፌርማታ። 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ ወደ 404 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሥራ ኖሮት ሳይሆን ዝም ብሎ ለመሳፈር ይሄድ ነበር። ልጆች በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ሰፈርን ከዚያ ከፍታ ማየት ራሱ ደስ ይል ነበር። ጠመንጃ ያዥ፣ ባምቢስ፣ ሰባተኛ፣ ጎጃም በረንዳ የሚሉ ስሞች በድምፅ ማጉያ ሲጠሩ መስማትም እንደዚያው። ትኬቱ እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ብር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ያኔ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር ማለት ወደ አሥር ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ገንዘብ ነው። አሁን በወረቀት ጀርባ ላይ የሚሠራ ሂሳብ ልሥራ። ግምት ነው፤ እንደዚያው አድርጋችሁ ውሰዱት። በቀን መቶ ሺህ ሰው ተሳፈረ እንበል። እያንዳንዱ በአማካይ አራት ብር ከፈለ። በዓመት 146 ሚሊዮን ብር ይመጣል። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ነው። ለመብራት አንድ ብር ሳይወጣ፣ ለሹፌር ደመወዝ ሳይከፈል፣ አንድ ብሎን ሳይቀየር፣ ወለድ ሳይታሰብ፣ ዋናውን ብድር ብቻ ለመመለስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ይህ ምንዛሪው ባለበት ቢቆም ነው። አልቆመም። በ2010 መጀመሪያ ብር በ15 በመቶ ተዳከመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ መቶ ሃያን ተሻገረ። ያው 146 ሚሊዮን ብር በመቶ ሃያ ሲመነዘር 1.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ትኬቱ ላይ ጥቂት ብር መጨመር ይቻላል። ግን ከወያላው ጋር በሳንቲም ለሚከራከር ሰው ትኬት ላይ ስንት ይጨመራል? የጉዳዩ የመጀመሪያ ቋጠሮ ይኼ ነው። ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር። ባቡሩ የሚያመርተው ነገር ኤክስፖርት አይደረግም። ከአያት መገናኛ የሄደን ሰው ለውጭ ገበያ መሸጥ አይቻልም።

ዶላር የሚያስፈልገው ለዕዳ ብቻም አይደለም። ባቡር ጎማ አለው፤ የብረት ጎማ። ይፈጋል። ፍሬን አለው። በር አለው፤ ያውም በቀን በሺህ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በላዩ ላይ ሰው የተጋደመበት በር። መለዋወጫው መርካቶ አይገኝም። ከውጭ ነው የሚመጣው። የዶላር ወረፋ ላይ መድኃኒት አስመጪ አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ማዳበሪያ አለ። ባቡሩ ከነዚህ ኋላ ይሰለፋል። አንዱ ባቡር ሲቆም ዕቃው ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል። ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ገደማ ከ41ዱ ባቡሮች ስምንት ያህሉ ብቻ እንደሚሠሩ በይፋ ተነገረ። እኔና እማማ ዑራኤል ላይ የጠበቅነው ከነዚያ ስምንቱ አንዱን ነበር።

ብዙ ሰው ወሬውን እዚህ ላይ ያቆመዋል። «ቻይና አጭበረበረን»፣ «ጥራት የለውም»፣ «ጥገና አናውቅም» ይባላል። ስለ ጥገናው እውነትነት አለው። ግን በዓለም ላይ በትኬት ብቻ ግንባታውንም ሥራውንም የሚሸፍን የከተማ ባቡር ብርቅ ነው። አብዛኛው ከተማ ባቡር ሲሠራ ይህን አውቆ ነው የሚገባበት። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። ትኬት ካልከፈለው ማን ይክፈለው?

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ላንሣ። ባቡሩ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ሲኤምሲ አካባቢ የሚከራይ ቤት ስፈልግ ነበር። አንድ ደላላ ይዞኝ ዞረ። የማልረሳው ንግግሩን ነው። ቤቱን ገና ሳያሳየኝ «ወንድሜ፣ ባቡሩ በር ላይ ነው!» አለኝ። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ባቡሩ በር ላይ ነው እያልኩህ!» ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? «አምስት ደቂቃ በእግር፣ ሲኤምሲ ፌርማታ።» አከራይዋ ካለፈው ተከራይ ላይ አምስት መቶ ብር ጨምረው ነበር የሚፈልጉት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በመስኮት ወደ ሐዲዱ ጠቆሙኝ። ሳቅኩ። ግን ትክክል ነበሩ። ቤቱ ከአስፋልት ወደ ሐዲድ ዳር ሲዞር ዋጋው ተለውጧል። የዋጋው ልዩነት ግን ወደ ባቡሩ ካዝና አልገባም። ወደ አከራይዋ ቦርሳ ገባ። የመጀመሪያውን ወር ድርሻ ደግሞ ደላላው ወሰደ።

ይህን ነገር በ31 ኪሎ ሜትር አባዙት።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ የባቡር ኩባንያው ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። መንግሥት ፌርማታው የሚሠራበትን ቦታና ዙሪያውን የማልማት መብት ለባቡር ኩባንያው ባቡር ሳይኖር በነበረው ዋጋ ይሰጠዋል። ኩባንያው ከሪል እስቴት አልሚዎች ጋር ሆኖ ከፌርማታው በላይና ዙሪያውን ፎቅ ይሠራል፤ ባቡር ከመጣ በኋላ ባለው ዋጋ ይሸጣል፣ ያከራያል። ልዩነቱ ሐዲድ ይሆናል። ይህን ሳነብ ደጋግሜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሆንግ ኮንግን ለዚህ የሚያመቻት መሬቱ የመንግሥት፣ ተጠቃሚው ደግሞ የሊዝ ባለይዞታ መሆኑ ነው። እኛስ? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብለን በሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ጽፈናል። የከተማ መሬትን በሊዝ ማድረግ የጀመርነው በ1986 ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ሀገር ከባቡር የመጣን የመሬት ዋጋ ለመሰብሰብ ከማንም በላይ የተመቻቸ መሆን ነበረበት።

ታዲያ ለምን አልሆነም?

አንደኛው ምክንያት ቢሮ ነው። ባቡሩ የፌዴራል ኮርፖሬሽን ነበር። መሬቱ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ዕዳው በአንድ ቤት፣ ዋጋው በሌላ ቤት። ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ሕግ አልወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው። ሊዝ አንዴ ነው የሚሸጠው። በአዋጅ 721/2004 መሠረት የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። የንግድ ቦታ አዲስ አበባ ላይ 60 ዓመት ነው። ጨረታ ያሸነፈ ሰው ቢያንስ አሥር በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፤ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል። ዋጋው ግን በጨረታው ቀን ተቆልፏል። በማግሥቱ ደጁ ላይ ባቡር ቢመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ቢመጣ፣ ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። ሕጉ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብልጥ ሆኗል። ሊዝ የያዘ ሰው ግንባታውን ግማሽ ሳያደርስ ቢሸጥ፣ ከመሬቱ ዋጋ ጭማሪ አምስት በመቶውን ብቻ ይወስዳል፤ ሌላው ለከተማው ነው። ያ አንቀጽ የተጻፈው መሬት ይዘው ቁጭ የሚሉትን ለመቅጣት ነው። ሐሳቡ ግን የምንፈልገው ሐሳብ ነው፤ ባለቤቱ ያልሠራው የዋጋ ጭማሪ የከተማው ነው ይላል። ግማሹን ገንብቶ የቆየውን አይነካውም እንጂ።

ሦስተኛው ደግሞ ሐዲዱ ዳር ያለው መሬት ብዙው ከመነሻው ሊዝ አለመሆኑ ነው። ነባር ይዞታ ነው። ልደታ፣ ዑራኤል፣ ሳሪስ፣ ጉርድ ሾላ፤ ካርታው የአባት ነው፣ የአያት ነው። ሌላው የቀበሌ ቤት ነው፤ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ። ነባር ይዞታ የሚከፍለው የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። የጣሪያና ግድግዳ መሠረቱ የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የተሰላውም በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነበር፤ ግምቱም ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ከተማው ግምቱን ከፍ ያደረገው በ2015 ነው። የንብረት ታክስ አዋጅ በምክር ቤት የጸደቀው በ2017። ባቡሩ በ2008 መጣ። ሕጉ ሲደርስ ዋጋው ቀድሞ ተበልቶ አልቋል።

ስንት ይሆን ነበር? እንደገና በወረቀት ጀርባ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ አምስት አምስት መቶ ሜትር ብንወስድ፣ 31 ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር፣ 31 ሚሊዮን ካሬ ነው። መንገዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የመንግሥት ግቢውንና የቀበሌ ቤቱን እናውጣ። ግማሹ ይቀራል እንበል፤ 15 ሚሊዮን ካሬ። በያንዳንዱ ካሬ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ 600 ብር ቢሰበሰብ ዘጠኝ ቢሊዮን ብር ነው። በ2008 ምንዛሪ የባቡሩ ጠቅላላ ወጪ ለመሆን ጥቂት የሚጎድለው። ያን ጊዜ በጨረታ መሬት በካሬ ሺዎች ብር፣ ጥሩ ቦታ ሲሆን አሥር ሺዎች ይገባ ነበር። ስድስት መቶ ብር ጆሮ ጭው የሚያደርግ ቁጥር አልነበረም።

እርግጥ ወረቀት ላይ ሁሉም ይቀላል። አብነት አካባቢ ሁለት መቶ ካሬ ላይ ያሉ በጡረታ የሚኖሩ እናት አሉ እንበል። 120 ሺህ ብር አምጪ ቢባሉ ከየት ያመጣሉ? ባቡር መጣልኝ ብለው ቤታቸውን ሊሸጡ ነው? ስለዚህ በዓመታት መከፋፈል፣ ለደሃ ማቆየት፣ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ መሰብሰብ፤ እነዚህ ሁሉ አብረው መጻፍ ነበረባቸው። ሌላም አለ። ሐዲዱ ሁሉንም አልጠቀመም። ከመገናኛ እስከ አያት መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ያለ ደንበኛ ለመሻገር ሩቅ መዞር ሲኖርበት ማዶውን ተወው። ሱቁ ፊት መኪና ማቆም የቀረበት ነጋዴ ጭማሪ ክፈል ቢባል ይጮኻል፤ መጮኽም ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ግን የማይመጣ ባቡር ስም ላይ ግብር መሰብሰብ አይቻልም። አሁን፣ ፌርማታ ላይ ሰው እየተጋፋ፣ «የባቡር መዋጮ» ብትል ማን ይሰማሃል? ለዚህ ጊዜው ሐዲዱ ሲነጠፍ ነበር፤ ሰው በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ሳለ።

መሬቱን ለመያዝ የሚያስችል አንድ ጥሩ ምሳሌ ዓይናችን ሥር ነው። ለገሃር። ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ የመጣ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 አካባቢ ጀምሮ ከከተማዋ ውድ ቦታዎች አንዱ ነው። ቀላል ባቡሩም በዚያው በኩል ያልፋል፤ ፌርማታም አለው። በ2011 ያ 36 ሄክታር ቦታ ላይ የኢሚሬቶቹ ኢግል ሂልስ ለሚሠራው ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ስለ ፕሮጀክቱ የራሱ ክርክር ይኑር። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ባቡሩ በ2008፣ የቦታው ድርድር ከሦስት ዓመት በኋላ። ሁለቱ አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ከአንድ ፌርማታ ብቻ ስንት መለዋወጫ እንደሚገዛ አስቡት። ያውም በዶላር፤ አልሚው የውጭ ነውና።

ዶላር ላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ዘጠኝ ቢሊዮን ብር ቢሰበሰብም ኤግዚም ባንክ ብር አይቀበልም። ብሩን ወደ ዶላር የሚለውጥ ብሔራዊ ባንክ ዶላር ከሌለው ሂሳቡ ያው ነው። ይህ ቋጠሮ በመሬት ግብር አይፈታም። መፍትሔው ቀደም ብሎ ነበር፤ ከወጪው ስንቱ በብር ሊሸፈን ይችላል፣ ከሥራው ስንቱ በሀገር ውስጥ ይሠራል ብሎ መጠየቅ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቁፋሮ፣ ጉልበት፤ ይህ ሁሉ ብር ነው። ከብድሩ ውጭ የነበረው 15 በመቶ ብቻ ሳይሆን ከዚያ የበለጠው በብር መሸፈን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ብሩ ከመሬቱ ከተገኘ።

አሁን ወደ ከተማዋ እድገት ልምጣ። በእኔ አስተያየት ከብድሩ የባሰው ስሕተት እዚህ ነው። ባቡሩ ሲታቀድና ሲሠራ ያው ከተማ ሌላ ግዙፍ ነገር እየሠራ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተመዝግቦ ዕጣ ይጠብቃል። ቤቱ የት ተሠራ? ጀሞ። የካ አባዶ። አራብሳ። ቱሉ ዲምቱ። ኮዬ ፈጬ። ባቡሩ የት ቆመ? አያት፣ ቃሊቲ፣ ጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይ። ካርታ አውጥታችሁ ብታዩ ሐዲዱና ትልልቆቹ ሳይቶች እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ጀሞ ላይ ሐዲድ የለም። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቃሊቲ ፌርማታ ገና ታክሲ ይፈልጋሉ። አራብሳ ያለ ሰው ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ አያት መድረስ አለበት።

ምክንያቱ ይገባኛል። ዳር ያለ መሬት ርካሽ ነው። ገበሬው በካሳ ይነሣል፤ ካሳውም መሬቱ በኋላ ከሚያወጣው ጋር አይገናኝም። ያ የካሳ ቁስል ነው በ2011 የኮዬ ፈጬ ዕጣ ሲወጣ በሰልፍ የፈነዳው። ግን ርካሽነቱ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። እዚያ ድረስ አስፋልት፣ ውኃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ፣ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት። ቁልፍ ተቀብለው ገብተው ውኃ በጀሪካን ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ የተሸከሙ ሰዎችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኔ እህት አንዷ ናት። በዚያ ዘመን እሷ ቤት እንግዳ ሲሄድ ስኳር ሳይሆን ሃያ ሊትር ውኃ ይዞ ነበር የሚሄደው። ከተማው ከመሬቱ የቆጠበውን በቧንቧ ይከፍለዋል። ነዋሪው ደግሞ በታክሲ።

ያ ሁሉ ሰው ከፌርማታ በእግር በሚደረስ ቦታ ቢሰፍር ኖሮ ሁለት ነገር በአንዴ ይሆን ነበር። ባቡሩ ቀኑን ሙሉ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ተሳፋሪ ያገኝ ነበር። ከተማውም አንዱን ቧንቧና አንዱን አስፋልት ለብዙ ሰው ያካፍል ነበር። ልደታ ላይ ትንሽ ተሞክሯል፤ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበት ባቡሩ ደጁ ላይ ያልፋል። እሱም ያለ እንባ አልሆነም። ብዙ ነባር ነዋሪ ከሰፈሩ ርቆ ሄደ። ሆኖም ከነጉድለቱ፣ ቤትና ሐዲድ ከተገናኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

አሁንስ? ከተማው ያኔ የነበረው ከተማ አይደለም። የ2016 በጀቱ 140 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2017ቱ 230 ቢሊዮን። አብዛኛውን ራሱ ከግብር ይሰበስባል። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ሌሎች ሰፈሮችን አፍርሶ በወራት መልሶ ሲሠራ አይተናል፤ ወደድነውም ጠላነውም። አቅም የለም ማለት አይቻልም። ብር አለ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ብር የምሰጠው ለአዲስ መስመር ሳይሆን ለቆሙት ባቡሮች ነው። ቆሞ የዛገ ባቡርም ዕዳው ይከፈልበታል። አንዱን አስነሥቶ ሐዲድ ላይ መመለስ አዲስ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ለሠሩት ሰዎችም አንድ ነገር ልተውላቸው። ዛሬ ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ መሐል ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ ባዶ መስመር ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። ካሳው ብቻ ያነቃችኋል። እነሱ በጊዜው ያዙት። በምድር ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቢበላሽ እንኳ ያ ቦታ ተይዟል። ባቡሩ ቢያረጅ ሌላ ባቡር ይሄድበታል። ስለዚህ «ባይሠራ ይሻል ነበር» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ከፋዩ ሳይታወቅ ተሠራ ነው የምለው።

ባለፈው ሰሞን እንደገና አያት ድረስ ተሳፈርኩ። ዕድለኛ ነበርኩ፤ መገናኛ ላይ ወንበር አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጠ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋ ነበር፤ ፌርማታው ሲደርስ እኔ ቀሰቀስኩት። መጨረሻው ላይ ሁላችንም ወረድን። ከአጥሩ ወዲያ ሚኒባሶቹ ተደርድረዋል። «አራብሳ! አራብሳ! የቀረ አንድ ሰው!» ይላል ወያላው፤ አንድ ሰው ከገባ በኋላም ያው አንድ ሰው ይቀረዋል። ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ ይጠመዘዛል። ተሰልፌ ስጠብቅ ዓይኔ ከሐዲዱ የብረት ምሰሶ አንዱ ላይ አረፈ። በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት አለበት። ዝናብ ጠርዙን በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። «የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም። ለባቡር ቅርብ።»